ቅኔ ቤት የሽምደዳ ቤት አይደለም

«ልጆቻችን ማሰብ ያቃታቸው ከቆሎ ትምህርት ቤት በወረስነው ሽምደዳ ነው።» ይህን ቃል በመምህራን ሥልጠና አዳራሽ፣ በትምህርት ጉባኤ፣ በደብረ ታቦር ቡና ቤቶች ሳይቀር ያልሰማ ሰው የለም። ተማሪ ፈተና ሲወድቅ፣ መምህር ጥያቄ ሲሸሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁለት አንቀጽ መጻፍ ሲቸግረው ጣት የሚቀሰረው ወደ የኔታ ነው። ክሱ ደግሞ ምስክር ቆጥሮ ነው የሚመጣው፤ ፒያዤ፣ ቪጎትስኪ፣ ስኪነር፣ ብሩነር። የሥነ ልቦና ሳይንስ የአብነት ትምህርት ቤትን መርምሮ የፈረደበት ያህል ይነገራል። እንዲህ ያለ ፍርድ አልተሰጠም። ምስክሮቹም ተጠርተው ቢጠየቁ ቃላቸው ለከሳሾቹ አይሆንም።

የከሳሾቹን ክርክር ሳላሳንስ ላስቀምጥ፤ ቀላል ክርክር አይደለምና። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ይለያል፣ አቡጊዳ ይወርዳል፣ የዮሐንስን መልእክት በግእዝ ይቆጥራል፣ ከዚያ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ቋንቋ አፉን የፈታበት አይደለም። ትርጉሙን የነገረው የለም። ቢሳሳት ኩርኩም ወይም አለንጋ ይጠብቀዋል። ፒያዤ ደግሞ ዕውቀት ልጁ ራሱ ከነገሮች ጋር እየታገለ የሚገነባው ነው ብሏል፤ ከውጭ የሚጨመርበት ነው አላለም። ስኪነር እንኳ፣ ማበረታቻን የትምህርት ሁሉ መሠረት ያደረገው ሰው፣ ቅጣት ባህርይን ለጊዜው ያፍነዋል እንጂ አዲስ ነገር አያስተምርም ሲል ኖሯል። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው ባዶ ካዝና የሚሆንበትን ትምህርት የጭቆና መሣሪያ ብሎ አውግዞታል። በዚህ ላይ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ አዳሪ ነው። ሴት ልጅ በዚያ በር አልገባችም ማለት ይቻላል። ስንት መቶ ዓመት አልፎም ከዚያ ቤት ሐኪም አልወጣም፣ መሐንዲስ አልወጣም። ታዲያ የቱን ልትከላከል ነው? ይላሉ።

ንባብ ቤት ያለው ልጅ የማይገባውን ያነባል መባሉ እውነት ነው፤ አልክደውም። ስሕተቱ ንባብ ቤቱን ጠቅላላ ቤቱ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ከንባብ ቤት በኋላ ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጽሐፍ ቤት አለ። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ነገር ባዕድ አገር አይደለም፤ ማዕከሉ ነው። የአገሩ ሁሉ ድጓ የሚመሰከረው ጋይንት ውስጥ ባለችው ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው እዚያው ጋይንት አገር ዙር አባ ነው። እስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ ራሱን የቻለ የዜማ ስልት ይዞ ተቀምጧል። ሽምደዳ የሚል ሁሉ ከእነዚህ ቤቶች የትኛውን ገብቶ አየ? ብዙዎቹ ያዩት በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንደዶ ይዞ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ነው። ማባዣ የሚያጠና የሦስተኛ ክፍል ልጅ አይቶ «ሒሳብ ማለት ሽምደዳ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ ምን እንለዋለን?

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ምን ሲያደርግ ይውላል? ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገባበት ቤት ነው። ሌሊት ግሥ ይወርዳል፣ አገባብ ይሰማል፤ የትኛው ግሥ እንዴት እንደሚረባ፣ የትኛው ቃል ማንን እንደሚስብ ይማራል። ሲነጋ ግን የሚደግመው መጽሐፍ አይሰጠውም። ከጎጆው ወጥቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ለብቻው ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። ወረቀት የለም፣ ብዕር የለም፤ ሥራው ሁሉ በሐሳብ ነው። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ነው። እሱ ሲቀናለት ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያልፋል፤ ከዚያ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ ቅኔውን ለሚያርመው የበላይ ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል። አስነጋሪው አንዱ ቤት እንደ ጎደለ፣ ሌላው እንደ ረዘመ፣ ግሡ ያንን ስም እንደማይስብ፣ ሰሙ ከወርቁ እንዳልገጠመ ያሳየዋል። ተማሪው ሄዶ ያቃናል፤ ተመልሶ ይነግራል። የኔታ ሲዘርፉ ደግሞ ጉባኤው በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ ምሥጢሩን ለመፍታት ይሽቀዳደማል።

በዚህ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ የተባለ ቅኔ አይባልም። የሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው፤ የራስንም ቅኔ ቢሆን ትናንት የተነገረውን ዛሬ መድገም አያስመሰግንም። ሽምደዳ በደንብ የተከለከለበት ቤት ይህ ነው። የ14 ዓመት ልጅ በየቀኑ፣ ሰንበትና በዓል ሲቀር፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን ነገር ፈጥሮ እንዲመጣ የሚጠየቅበት ሌላ ክፍል በኢትዮጵያ ውስጥ ካለ አሳዩኝ። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ቤንጃሚን ብሉም በ1956 እ.ኤ.አ. የትምህርት ግቦችን በስድስት ደረጃ ሲሰድር ማስታወስን ከታች አድርጎ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. መሰላሉ ሲታደስ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው መፍጠር ነው። የእኛ እጩ መምህራን ይህን መሰላል ለፈተና ይሸመድዱታል። የቅኔ ተማሪው መሰላሉን አያውቀውም፤ ውሎው ግን ጫፉ ላይ ነው።

ደግሞስ ሰምና ወርቅ ምን ዓይነት አእምሮ ይጠይቃል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ታሪክ መሸከም አለበት። በሰሙ በኩል ያለው አድራጊ፣ ድርጊትና ተደራጊ በወርቁ በኩል ካለው አድራጊ፣ ድርጊትና ተደራጊ ጋር አንድ ለአንድ መገጣጠም አለበት፤ ማሰሪያው ግሥ ለሁለቱም መዋል አለበት፤ ዜማው ልኩን መጠበቅ አለበት። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴድሬ ጀንትነር በ1983 እ.ኤ.አ. ምስስልን ስታብራራ የነገሮች መልክ ሳይሆን የግንኙነታቸው መዋቅር ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሻገሩን የአስተሳሰብ ዋና ሞተር አድርጋ አቅርባዋለች። ይህ በጋይንት ጎጆ ውስጥ በየማታው የሚታረም የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዳዊቱ ልመለስ። በሰባትና በስምንት ዓመቱ ሳይገባው የደገመው ዳዊት በ14 ዓመቱ የቅኔው ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ታሪኩን የሚጠቅሰው፣ ቃሉን የሚገለብጠው፣ ምሳሌውን የሚያዞረው ከዚያ ነው። ትርጉሙ ቆየበት እንጂ አልተነፈገውም። እርግጥ አንዳንዱ ልጅ ቅኔ ቤት ሳይደርስ ይቀራል፤ ለእሱ ዳዊቱ የድምፅ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ጉዳት ነው። ግን የጉዳቱ ምክንያት ልጁ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው፤ በቃሉ መያዙ አይደለም።

በቃል መያዝን የአስተሳሰብ ጠላት ያደረገው ማን ነው? የሥነ ልቦና ሳይንስ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው በቃላቸው እንዲያወጡ የተጠየቁ ተማሪዎችን አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋጋሚ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው ያወጡት በልጠው ተገኙ። የዜማ ተማሪ ሌሊት ያጠናውን ለመምህሩ በቃሉ ሲያሰማ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል ደግሞ በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ መካከል ለዓመታት ያጠኑትን በ1981 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ቁርኣን በቃላቸው የሚያጠኑት ሰዎች በአንድ የማስታወስ ፈተና፣ ቃላትን በተራ እየጨመሩ በመያዝ፣ ከሌሎቹ በልጠው ነበር። በቃል ማጥናታቸው በሌላው አስተሳሰብ ላይ ጉዳት አስከተለ የሚል ነገር ግን አልተገኘም። የሁለቱ መደምደሚያ ዕውቀት አእምሮን የሚቀርጸው ሰዎች በሚሠሩበት ሥራ ልክ ነው የሚል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ልጁ በቃሉ ያዘ ወይስ አልያዘም አይደለም፤ በያዘው ነገር ምን ይሠራበታል ነው። ለዚህ የቅኔ ቤት መልስ አለው። የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪ መልስ አለው?

ፒያዤ ላይ መቆየት አለብኝ፤ ከሁሉ በላይ በስሙ የሚነገድበት እሱ ነውና። በየማሠልጠኛው አራቱ እርከኖች ከነዕድሜያቸው ይጠናሉ፤ ከልደት እስከ 2፣ ከ2 እስከ 7፣ ከ7 እስከ 11፣ ከ11 በላይ። ከዚያ ሰንጠረዥ አንድ ሐሜት ይወለዳል፤ የገጠር ልጅ በሚጨበጥ ነገር ላይ ብቻ ያስባል፣ ረቂቅ ሐሳብ ላይ አይደርስም፣ ያደገበት ባህል አስሮታል የሚል። እስቲ ይህ ከየት መጣ? ፒያዤ የሕፃንነትን ዘመን የገለጸው በራሱ ሦስት ልጆች፣ በዣክሊን፣ በሉሲየንና በሎራን ላይ ባደረገው ትዝብት ነው፤ የቀረውንም በአብዛኛው ከስዊዘርላንድ ልጆች ነው ያገኘው። ትዝብቱ ድንቅ ነው፤ ልጅ ዓለምን እንደ ትንሽ ሳይንቲስት እንደሚመረምር ያሳየን እሱ ነው። ግን የስዊዘርላንድ ልጅ የደረሰበት ዕድሜ የፋርጣ ልጅ መለኪያ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ለመሆኑ ፈተናው አፍሪካ ሲደርስ ምን ሆነ? አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ በሴኔጋል፣ በዎሎፍ ሕፃናት መካከል የፒያዤን የውኃ ፈተና አካሂዳ በ1966 እ.ኤ.አ. አሳተመች። ውኃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭን ሲገለበጥ መጠኑ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም ነው ጥያቄው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ብዙዎቹ «ተለወጠ» አሉ። ይህ ብቻ ቢሆን የሐሜተኞቹ ምስክር ይሆን ነበር። ግሪንፊልድ ግን አንድ ነገር ቀየረች፤ ውኃውን ራሱ ልጁ እንዲገለብጠው አደረገች። ያን ጊዜ ትክክለኛ መልስ የሰጡት ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። የጎደለው የልጁ አእምሮ ነበር ወይስ የጠያቂዋ አጠያየቅ? ገብስ በቁና እየሰፈረ ያደገ የጉና ተራራ ሥር ልጅ እህሉ ከጎታ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ የበዛ እንደማይመስለው ለማወቅ ስንት ፕሮፌሰር ያስፈልጋል?

ከሁሉ የሚበልጠው ፒያዤ ራሱ የተናገረው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የመጨረሻው እርከን፣ ረቂቅ አስተሳሰብ፣ በሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ፈተና እንደማይገለጥ አምኖ ጽፏል። አናጺውም መካኒኩም በየሙያው ረቂቅ አስተሳሰብ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሙያው ባልሆነ የላቦራቶሪ ጥያቄ ሲፈተን ግን ላያሳየው ይችላል። ይህን እርማት በእኛ ማሠልጠኛዎች የሚያስተምር ስንት ነው? ሰንጠረዡን ወስደን እርማቱን ጥለነዋል።

ታዲያ በሙያው እንፈትነው። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብን የሚማር ልጅ የ2016 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ ሊያወጣ 5500 ላይ 2016 ደምሮ 7516 ይላል። ለ19 ይገድፋል፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል፤ 11 ይተርፈዋል፤ አንዱን ትቶ 10 ወንበር ይይዛል። ወንበሩን በጥንተ አበቅቴ በ11 አባዝቶ 110፣ በ30 ገድፎ 20 አበቅቴ ያገኛል። ያንኑ ወንበር በጥንተ መጥቅዕ በ19 አባዝቶ 190፣ በ30 ገድፎ 10 መጥቅዕ ያገኛል። አበቅቴውና መጥቅዑ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ እንደ ተሳሳተ ያውቃል፤ ማንም ሳይነግረው ራሱን ያርማል። በእጁ የሚጨብጠው አንድም ነገር የለም። ይህ በሚጨበጥ ነገር ላይ የቆመ አእምሮ ነው?

እዚህ ላይ የሉሪያን ነገር የሚያነሡ አሉ። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉሪያ በ1931ና በ1932 እ.ኤ.አ. ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቀ፤ «በረዶ ባለበት ሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው» ብሎ፣ እዚያ ያለ አንድ ቦታ ጠቅሶ፣ «የዚያ ድብ ቀለሙ ምንድን ነው?» አላቸው። አንዳንዶቹ «እኔ አላየሁም፤ ያየውን ጠይቅ» አሉት። ሉሪያ ይህን የረቂቅ አስተሳሰብ ጉድለት አደረገው። በደቡብ ጎንደር ደጋ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው የሚያውቅ አንባቢ መልሱን በሌላ ዓይን ያየዋል። ያው ገበሬ በሙግት ላይ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያለ የባላጋራውን ነገር ሲበታትን ቢሰማው ሉሪያ ምን ይል ነበር?

ቪጎትስኪን ከከሳሾቹ ጋር መቁጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. በ37 ዓመቱ በሳምባ ነቀርሳ የሞተው ይህ ሰው ያስተማረው ዋና ነገር ልጅ ብቻውን የሚችለውና ከእሱ የሚሻል ሰው ሲያግዘው የሚችለው የተለያዩ መሆናቸውን፣ ትምህርትም መግባት ያለበት በሁለቱ መካከል ባለው ቦታ መሆኑን ነው። የአእምሮ ሥራ ሁሉ በመጀመሪያ በሰዎች መካከል ይታያል፣ ቀጥሎ በልጁ ውስጥ ይሰርጋል ይላል። የአብነት ቤቱ ምኑ ከዚህ ይወጣል? ቀድሞ የገባው አዲሱን ፊደል ያስቆጥራል፤ የድጓው ተማሪ የጾመ ድጓውን ያስጠናል፤ የቅኔው አስነጋሪ ራሱ ገና መወድስ የሚቆጥር ተማሪ ነው። እያንዳንዱ ከበላዩ ይማራል፣ የበታቹን ያስተምራል። ብሩነርና ሁለት ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. አጋዡ ልጁን እየደገፈ፣ ልጁ እየቻለ ሲሄድ ድጋፉን እየቀነሰ የሚያስተምርበትን መንገድ ሲገልጹ የአስነጋሪውን ሥራ የገለጹ ያህል ነው።

ልጁም ወደ ቅኔ ቤት ባዶውን አይመጣም። እሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ አንድ ነገር ሌላ ነገር እንደሚሸፍን ተምሯል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲጨፍር፣ ያውም የከተማችንን ስም በያዘው በደብረ ታቦር በዓል፣ ለባለቤቱ እንደ ሁኔታው ግጥም መግጠም ከታላላቆቹ ሰምቷል። ቪጎትስኪ በጨዋታ ውስጥ ልጅ ከራሱ ቁመት በላይ ይሆናል ያለው ይህን የመሰለውን ነው።

አሁን ደግሞ የብሉምን ሌላ ሥራ ልጥራ። በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ ሆኖ፣ የያዘውን በደንብ ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ እንዳያልፍ ተደርጎ የተማረ መካከለኛ ልጅ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጻፈ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል፤ አቅጣጫውን ግን አልቀየሩትም። ዓለም ይህን በብዙ ገንዘብ ሊያገኘው ሲታገል ኖሯል። ጋይንት ውስጥ በጎጆ ሲሠራበት ኖሯል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ያልሞላለት ወደ ሚበዝኁ አያልፍም፤ በሁለት ወር የሞላለት ሁለት ዓመት የፈጀበትን አይጠብቅም። የክፍል ደረጃ የለም፣ ወድቆ መባረር የለም፤ ለማወቅ የሚበቃው ጊዜ ይሰጠዋል። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ አወቀም አላወቀም እንዲያልፍ ተደረገ። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ሳይቆም፣ ሳይጠየቅ፣ በእንግሊዝኛ የሚናገር መምህር። ከዚያ ልጆች በመመሪያ አንድ ለአምስት ተደራጁ፤ ሪፖርት ተጻፈላቸው። ይህ ሁሉ የተደረገው «ተማሪ ተኮር» በሚል ስም ነው። ተማሪው መሃል የተቀመጠው የት ነው?

ስለ አለንጋው ከሳሾቹ ልክ ናቸው። መምታት ስሕተት ነው፤ ስኪነር ባይልም ስሕተት ነው። ልጅን ማስራብ ስሕተት ነው፤ ልመናን ለትሕትና ያስተምራል እያሉ ማስጌጥ ተጨማሪ ስሕተት ነው። ሴቶችን ማራቁም ጎጃም ጸላሎ ላይ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ማስተማራቸውን ሲያስቡት ምን ያህል ዕውቀት እንደ ባከነ የሚያሳይ ኪሳራ ነው። ግን አለንጋው የትምህርት ዘዴው አካል ነው ወይ? የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርስ አለንጋ አልያዘም ነበር? አለንጋው ቢወጣ፣ ምግብ ቢገባ፣ ሴቶች ቢቀመጡ ቅኔ ቤቱ ያው ቅኔ ቤት ነው፤ እንዲያውም ይሻላል። ጥፋቱን ማረም አንድ ነገር ነው፤ በጥፋቱ ሰበብ ዕውቀቱን መቅበር ሌላ ነገር ነው።

ሐኪምና መሐንዲስ አላወጣም ለሚለው ክስ ግን ትዕግሥት የለኝም። ቤቱ ሕክምና አስተምሮ ያውቃል? ያላስተማረውን ባለማውጣቱ የማስተማር ዘዴው ሊወቀስ አይችልም። ሌላው ክስ ድርብ አነጋገሩ ላይ ነው፤ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ ፋይዳውን ሳይክድ፣ የአማራው ድርብ አነጋገር ዘመናዊነት ከሚጠይቀው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ ጽፎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ይህችኑ ይዘው ቀሩ። ሰምና ወርቅ ግን ጭጋግ አይደለም። ሁለቱ ፍቺዎች በትክክል ካልገጠሙ ቅኔው ይጣላል። መጽሐፍ ቤት ውስጥም አንድምታው አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ አማራጭ ፍቺዎችን ይደረድራል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንድ ጥያቄ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖረው እንደሚችል የሚያስተምር ቤት ነው ማሰብ የገደለው?

የዚህ አገር ሰው አዲስ ሙያ ለመልመድ አእምሮው አልደረሰም የሚል ካለ ደግሞ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋትን ይይ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን በዚያ አስፍረው ሲያሠሩ የአገሩ ሰዎች አብረው ሠርተዋል፤ መቅደላ ድረስ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። በተደጋጋሚ ሳይሳካ፣ እየታየ፣ እየተሞከረ ነው የተሠራው። የሥነ ሰብ ተመራማሪዋ ጂን ሌቭ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን ለማጅ ልጆች አጥንታ፣ ሰው ሙያ የሚለምደው በሥራው ዳር ገብቶ እያገለገለ ቀስ በቀስ ወደ መሃል በመጠጋት ነው ያለችው ይህን ነው። አፍሪካዊው ለማጅ ለዓለም የትምህርት ንድፈ ሐሳብ ሰጠ። እኛ ንድፈ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተቀብለን የራሳችንን ለማጅ «ኋላ ቀር» ብለን አሳልፈን እንሰጣለን።

የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ሽምደዳ ዛሬ ያለው የት ነው? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በማያውቀው እንግሊዝኛ ስለ ሕዋስ ክፍፍል የተጻፈ አንቀጽ የሚይዘው ልጅ ዘንድ ነው። ዳዊት በግእዝ የሚደግመውን ሕፃን የሚነቅፍ ሰው ይህን እንዴት ዝም ይለዋል? ያኛው ልጅ ቢያንስ ወደ ፊት ግእዙን ፈትቶ ቅኔ የሚዘርፍበት ቤት ይጠብቀዋል፤ ይኼኛው ፈተናውን ጨርሶ ይረሳዋል። ሽምደዳ ያለው «ሽምደዳ መጥፎ ነው» የሚለውን ትምህርት ከፒያዤ ዕድሜዎች ጋር ሸምድዶ የምርጫ ጥያቄ ላይ በሚያከብበው እጩ መምህር ዘንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰሜኑ ጦርነትም የኮሮና ወረርሽኝም በዚያ ውጤት ውስጥ እጅ አላቸው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን እነዚያ ልጆች የየኔታ ተማሪዎች አልነበሩም። 12 ዓመት የተቀመጡት «ተማሪ ተኮር» በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። ተጠያቂው እንዴት ሆኖ የኔታ ይሆናል?

በደቡብ ጎንደር ማሠልጠኛዎች ከሚቀመጡት እጩ መምህራን መካከል ራሳቸው አኩፋዳ ያነገቡ፣ ዜማ ቤት የቆዩ፣ ቅኔ የቆጠሩ አሉ። ክፍል ገብተው የሚማሩት ያ ሁሉ ዓመት የሽምደዳ ዓመት እንደ ነበር ነው፤ ስለዚህ ይደብቁታል። ምን ያህል አጣን? ቅኔ የቆጠረ መምህር ልጅን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ እንዴት እንደሚያርም፣ የበላይ ተማሪን እንዴት እንደሚያሰማራ በአካሉ ያውቀዋል። ይህን ዕውቀቱን አውጥቶ እንዲጠቀምበት ልናደርገው ሲገባ አፍረህ ደብቀው አልነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የሥነ ልቦና ትምህርት የሚሰጥ ማሠልጠኛ ሁሉ እጩ መምህሩን ለተግባር ልምምድ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ አይላከው፤ ቤተልሔም፣ ዙር አባ፣ ቆማ ይላከው፤ አስነጋሪው እንዴት እንደሚያርም ቁጭ ብሎ ይመዝግብ። የፒያዤ ሰንጠረዥ ሲሰጥ የ1972ቱ እርማት አብሮ ይሰጥ። የእኛ ልጅ የሚፈተንበት የአስተሳሰብ ፈተና በሚያውቀው ነገር፣ በሚያውቀው ቋንቋ ይዘጋጅ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያወቀ እንዲያልፍ፣ ያላወቀ ሳይዋረድ ጊዜ እንዲሰጠው ይደረግ። አብነት ቤቶችም አለንጋቸውን ይጣሉ፣ ሴቶችን ያስገቡ፤ መንግሥትና ምእመን ተማሪው ሳይለምን የሚያድርበትን ያዘጋጁ።

ከዚህ በኋላም «ሽምደዳ ነው» የሚል ካለ ክርክሩን ወረቀት ላይ አንጨርሰው። ወደ ጋይንት ይሂድ፤ ግእዙን ይማር፤ ዛፍ ሥር ይቀመጥ፤ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና፣ ማንም ያላለውን፣ ሰሙ ከወርቁ የገጠመ፣ ቆጥሮ ለአንድ የ15 ዓመት አስነጋሪ ይንገር። ልጁ ሳይጥልበት ከተቀበለው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።